ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ፣ ቅዳሜ ተራራ፦ ስፖርት ቱሪንግ ሞተር ሳይክል አመራረጥ

ሞተሬን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባቆምኩ ቁጥር፣ ሄልሜቴን ሳላወልቅ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «እኔም ልገዛ እያሰብኩ ነው፤ ለሥራም የሚሆን፣ አንዳንዴም ራቅ ብሎ የሚያደርስ የትኛው ነው?» ቆሜ ስመልስ ግማሹን ስለምረሳው ይኸው በጽሑፍ።

ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው መሃል ቤት ያለው ሞተር ነው። እንደ እሽቅድምድም ሞተር ጀርባ አያጎብጥም፣ እንደ ክሩዘርም እግር ወደፊት አያዘረጋም። ንፋስ መከላከያ አለው፣ ሻንጣ ይይዛል፣ ኩርባ ላይ ይታዘዛል። የምጽፈው ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ ሞተር ለሚገዛ ሰው ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ የፈቃዱንና የወረቀቱን ነገር በአካባቢያችሁ ሕግ ተኩት፤ የቀረው ያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሞተሩን ከሰኞ እስከ ዓርብ ለምትነዱት መንገድ ግዙት። ለቅዳሜው ሻንጣ ይጨመርለታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ስትነዱ የምታደርጉት ጫማ፣ ጃኬትና ጓንት (ሞተር ስታዩም ለብሳችሁ ሂዱ)
- የእጅ ባትሪ
- የጎማ ንፋስ መለኪያ
- የባትሪ ቮልት መለኪያ፣ ርካሹም ይበቃል
- ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት
- አንድ ሞተር የሚያውቅ ጓደኛ። ከሌለ ደግሞ «ቆይ፣ ነገ እንወስን» ብሎ ክንዳችሁን የሚጎትት ሰው

1. የሳምንት ጉዟችሁን በማይልም በሰዓትም ጻፉ

ለአንድ ሳምንት በመኪናም ቢሆን የሄዳችሁትን መዝግቡ። ስንቱ በመብራትና በትራፊክ፣ ስንቱ በሃይዌይ እንደሆነ ለዩት። የእኔን ልንገራችሁ፦ ከአሌክሳንድሪያ ዲሲ መሃል 11 ማይል ነው፤ ጠዋትና ማታ 40፣ 40 ደቂቃ ይወስዳል። በወር ወደ 28 ሰዓት መሆኑ ነው። በወር አንዴ የምወጣው 300 ማይል ግን ሰባት ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው። በማይል ሳየው የሥራው ጉዞ የረጅሙ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ በሰዓት ሲቆጠር ግን አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። ወገባችሁና የእጅ አንጓችሁ የሚቆጥሩት ሰዓቱን ነው።

ይህ ለምን ዋና ነገር ሆነ? አዲስ አበባ እንደለመድነው በመኪኖች መሃል ሰንጥቆ መውጣት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ክልክል ነው። መኪኖቹ ሲቆሙ እናንተም ትቆማላችሁ፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ 1,300 ሲሲ ኤንጅን ጉልበታችሁ ሥር እየፈላ። በሌላ በኩል የፌዴራሉ ሕግ ሞተር ሳይክል ነጂው ብቻውን ቢሆንም በኤችኦቪ መስመር (ከአንድ በላይ ሰው ለያዙ መኪኖች በተለየው) እንዲሄድ ይፈቅዳል። የሥራ መንገዳችሁ እንዲህ ያለ መስመር ካለው የትራፊኩን ሰዓት ቀንሳችሁ አስሉት።

2. ገንዘቡን ከሞተሩ በፊት ክፈሉት

ያላችሁን ለአራት ክፈሉት፤ ሦስቱ እጅ ለሞተሩ፣ አንዱ እጅ ለሄልሜት፣ ለጃኬት፣ ለጓንት፣ ለቦቲ እና ለመጀመሪያው ጎማና ዘይት። ይህች አራተኛ እጅ ካልተለየች መጨረሻ ላይ የምትቀረው ለሄልሜት 60 ዶላር ናት። ሄልሜት በቨርጂኒያም፣ በሜሪላንድም፣ በዲሲም ለነጂውም ለተፈናጣጩም ግዴታ ነው፤ ከኋላው የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምልክት ያለበትን፣ በልካችሁ የሆነውን ግዙ። ጉንጫችሁን ትንሽ ጨምቆ የሚይዘው ነው ልካችሁ።

ኢንሹራንሱንም አሁኑኑ ጠይቁ። ዋጋቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሞተሮች፣ አንዱ «ስፖርት» ተብሎ ስለተመደበ ብቻ ኢንሹራንሳቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። የክላስ ኤም (የሞተር ሳይክል መንጃ) ፈቃድ ገና ከሌላችሁ የጀማሪዎቹን ኮርስ ውሰዱ፤ የምትማሩት በእነርሱ ትንሽ ሞተር ስለሆነ ስትጥሉ የምትጥሉት የራሳችሁን አይደለም።

3. የክብደቱን ጎራ ምረጡ

ብዙው ሰው ከስም ይጀምራል። እናንተ ከኪሎ ጀምሩ።

ከባዱ ጎራ፦ ያማሃ ኤፍጄአር1300 (290 ኪሎ ገደማ)፣ ካዋሳኪ ኮንኮርስ 14 (ከ300 በላይ)፣ ሆንዳ ኤስቲ1300 (ከ320 በላይ)፣ ቢኤምደብሊው አር1200አርቲ። ቀኑን ሙሉ ሃይዌይ ላይ ለሚውል፣ ሰው ለሚያፈናጥጥ እነዚህን የሚያክል የለም። ያገለገለ ሲሆን ዋጋቸው ከሚሰጡት ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ጀማሪውንም የሚያታልለው ይኸው ርካሽነት ነው። መብራት ላይ ግን ክብደታቸውም ሙቀታቸውም የእናንተ ነው።

መካከለኛው፦ ካዋሳኪ ኒንጃ 1000ኤስኤክስ (235 ኪሎ ገደማ)፣ ያማሃ ትሬሰር 9 ጂቲ (220 ገደማ)፣ ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-ኤስ1000ጂቲ። ለሁለቱም ጉዞ የሚሆኑት በእውነት እነዚህ ናቸው፤ ነገር ግን ጉልበታቸው ለአዲስ እጅ ብዙ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ለነዳ ሰው እላቸዋለሁ።

ቀላሉ፦ ካዋሳኪ ኒንጃ 650 (ከ200 ኪሎ በታች)፣ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650፣ ካዋሳኪ ቨርሲስ 650፣ ሆንዳ ኤንሲ750ኤክስ፣ ቢኤምደብሊው ኤፍ800ጂቲ። ቪ-ስትሮምና ቨርሲስ «አድቬንቸር» ተብለው ነው የሚሸጡት፣ ስሙን እርሱት፤ አስፋልት ላይ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ኤንሲው ደግሞ ነዳጁን የሚይዘው ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ታንከር መስሎ የሚታየው ቦታ ክዳን ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሄልሜት ሙሉውን ይውጣል። የማውቀው ልጅ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ይጭንበታል፤ ታጥፎ ይደርሳል እንጂ ይደርሳል።

ከሚጠይቁኝ አሥር ሰዎች ለስምንቱ የምመልሰው ከዚህ ከሦስተኛው ጎራ ነው።

ከየትኛውም ጎራ ቢሆን ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይታሰር የሚጠብቀው) የሌለውን እለፉት። መኪና ጎማው ቢታሰር ይንሸራተታል፤ ሞተር የፊት ጎማው ቢታሰር ይወድቃል። በአንዳንድ ዓመታት ኤቢኤስ በምርጫ ስለነበረ ሁለት የሚመሳሰሉ ሞተሮች አንዱ ኖሮት አንዱ ላይኖረው ይችላል። የሻጩን ቃል ትታችሁ ጎንበስ በሉ፦ ከፍሬን ዲስኩ አጠገብ፣ ቸርኬው መሃል፣ ዙሪያውን የተበሳሳ ትንሽ የብረት ቀለበት ካለ ኤቢኤስ አለው።

4. ተቀመጡበት፣ ከዚያም ግፉት

በምትነዱበት ጫማ ተቀመጡ። ሁለቱም እግሮች ፊት ለፊት ባለው የእግር መዳፍ መሬት መርገጥ አለባቸው፣ ወይም አንዱ ሙሉ በሙሉ። ለማነጻጸር፦ የኒንጃ 650 መቀመጫ 79 ሴንቲ ሜትር፣ የኤፍጄአር 80.5፣ የቪ-ስትሮም 650 ደግሞ 83.5 ከፍታ አለው። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሰፊ መቀመጫ ጭን ስለሚከፍት እግር ያሳጥራል።

ከዚያ እጃችሁን መሪው ላይ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቆዩ። ሻጩ ይገረም። አንጓችሁ ላይ ክብደት ከተሰማችሁ በ40 ደቂቃ ትራፊክ ውስጥ ሕመም ይሆናል። ቀጥሎ ወርዳችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ወደ ኋላ ግፉት፣ አዙራችሁም አቁሙት። በየቀኑ ፓርኪንግ ውስጥ የምትሠሩት ይህንን ነው፤ አሁን ካቃታችሁ ሻንጣ ሲጫንበት አይቀልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተር ሲወድቅ አትያዙት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ማደያ ውስጥ፣ ትንሽ ተዳፋት ላይ ቆሜ፣ የተፈናጠጠው ወንድሜ ሳይነግረኝ ባልጠበቅሁት በኩል ወረደ። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ አጋደለ። 290 ኪሎ ነገር በሁለት እጄ ላስቀር ብዬ ወገቤን ሦስት ሳምንት ታመምኩ፤ ሞተሩ መስታወቱ ብቻ ተጫረ። ልቀቁትና ወደ ኋላ ዝለሉ። ተፈናጣጩንም «እኔ ሳልል አትውረድ» በሉት።

5. ነዳጅና ጭነቱን አስሉ

የታንከሩን ጋሎን በጋሎን በሚሄደው ማይል አባዙና 20 በመቶ ቀንሱ። ቪ-ስትሮም 650 5.3 ጋሎን ይይዛል፤ በጋሎን 50 ማይል ቢሄድ 265 ይሆናል፣ የምትተማመኑበት ግን 210 ነው። የምትቀንሱት ንፋስና ጭነት ነዳጅ ስለሚበሉ ነው። ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 469 ማይል ሲሆን መንገዱ ላይ አንድም ማደያ የለም፤ ለመቅዳት ወጥቶ መመለስ ግድ ነው። እዚያ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 45 ማይል፣ 105 ማይል በሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ ደግሞ 35 መሆኑንም ያዙልኝ። «ለተራራው ነው» ብላችሁ ትልቁን ከመግዛታችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ጭነት ሲባል ሻንጣው ብቻ አይደለም። ነጂው ከነልብሱ፣ ተፈናጣጩ፣ ሳጥኑ ራሱ ይደመራል። የሚፈቀደው ልክ በባለቤቱ መመሪያ ውስጥ ተጽፏል፤ ሁለት ደልደል ያሉ ሰዎች ብቻቸውን ሊጨርሱት ይችላሉ። ልኩ ሲታለፍ ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ይረዝማል፣ ጎማ ይግላል።

6. ካቴና ወይስ ሻፍት?

ከባዱ ጎራ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በሻፍት (በሚዞር የብረት ዘንግ) ነው፤ ዘይቱን በጊዜው መቀየር እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። መካከለኛውና ቀላሉ በአብዛኛው ካቴና ነው (ኤፍ800ጂቲ በቀበቶ ይሠራል)። ካቴና በየ500 ወይም 600 ማይሉ ጠርጎ መቀባት፣ ጥብቀቱን ማየት ይፈልጋል። አፓርታማ ለሚኖርና ለዚህ የሚሆን ቦታ ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የኋላ ጎማውን ከመሬት የሚያነሳ መካከለኛ ማቆሚያ ካለው ሥራው 15 ደቂቃ ነው፤ ከሌለው ጎማውን ለማዞር ሞተሩን ወዲያ ወዲህ ስትገፉ ትውላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ካቴና ስትጠርጉ ኤንጅኑን አስነስታችሁ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማው እንዲዞር አታድርጉ። ጨርቁን ይዞ ጣት የሚቆርጠው እንዲህ ነው። ጎማውን በእጅ አዙሩ።

7. ያገለገለውን በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ

ሻጩን አስቀድማችሁ «እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ከሰላምታው ቀጥሎ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ኤንጅኑ አስጠጉ። ሙቀት ከተሰማችሁ አትንኩት፤ የምትፈልጉትን አውቃችኋል። አንድ ጊዜ ሄጄ ኤንጅኑ ትኩስ ነበር፤ «አሁን ዞር ብዬበት ነው» አለኝ። መሬቱ ዝናብ የመታው ነበር፣ ጎማው ግን ደረቅ። ሲቀዘቅዝ ልጠብቅ ብዬ አንድ ሰዓት ቡና ጠጥቼ ተመለስኩና አስነሱት አልኩ። አልነሳም አለ።

ሀ) ጎማ። ጎማው ጎን ላይ ካለው የዲኦቲ ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2318 ማለት የ2018 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ ጎማው ስለሚደርቅ ዝናብ ላይ አይዝም። ያረጀ ከሆነ የሁለቱንም ጎማ ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ቀንሱ። መሃሉ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ አዲስ የሆነ ጎማ ሞተሩ ሃይዌይ ላይ እንደኖረ ይነግራችኋል፤ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም።

ለ) የፊት ሾክ። የሚያብረቀርቀውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት፣ ፍሬን ይዛችሁ ፊቱን አምስት ጊዜ ተጫኑት፣ እንደገና ጥረጉ። ዘይት ካለ ጎሚኒው አልቋል። ዘይቱ ወደ ፍሬን ሸራ ከወረደ ደግሞ ፍሬን የለም ማለት ነው።

ሐ) መሪ። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪውን ከጥግ ጥግ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መሃል ላይ «ቂት» ብሎ የሚያዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ሃይዌይ ላይም ያዋልላል።

መ) ካቴና። ከኋላው ጥርስ ላይ በጣታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ከጥርሱ ከፍ ብሎ ብርሃን ካሳየ አልቋል። ጥርሶቹ እንደ ማዕበል አንድ ወገን ካዘነበሉም እንዲሁ፤ ካቴናና ጥርስ አብረው ይቀየራሉ።

ሠ) ባትሪ። ኤንጅኑ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ዙሩ ወደ 4,000 ሲደርስ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ተነስቶ ሳለ ከዚህ በታች ወይም በላይ ከሆነ የቻርጅ ሥርዓቱ ታሟል፤ አሮጌው ሆንዳ ቪኤፍአር 800 በዚህ የታወቀ ነው። ባትሪ መቀየር አያድነውም፤ አዲሱንም ይገድለዋል።

ረ) የወደቀበት ምልክት። የመሪውን ጫፍ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታውን፣ የእግር ማሳረፊያውን፣ የሻንጣውን ጠርዝ እዩ። ቆሞ የወደቀ ሞተር ችግር የለበትም፣ ሁላችንም ጥለናል። የሚያስፈራው ጫፉ አዲስ፣ ቀለሙ አዲስ፣ ሻጩ ግን «ነክቶት አያውቅም» ሲል ነው።

ሰ) የሰርቪስ ወረቀት። በተለይ የቫልቭ ምርመራ። ያማሃ ለኤፍጄአር የሚያዘው በየ26,600 ማይሉ ነው፤ 30,000 የሄደ ሆኖ ወረቀት ከሌለ እንዳልተሠራ ቁጠሩት። ላዩን ሁሉ ፈትቶ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ የእጅ ዋጋው ይከብዳል።

8. ወረቀቱን አንብቡ

መሪው ሥር ብረቱ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከታይትሉ (ከባለቤትነት ወረቀቱ) ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ታይትሉ የሻጩ ስም ነው? የባንክ ዕዳ አለበት? «ሳልቬጅ» (ተጎድቶ ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጭ ያለው) ይላል? በዚሁ ቁጥር የኤንኤችቲኤስኤ (የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ አምጡ ላስተካክል ያለው ጉድለት) ካለ በነፃ ታያላችሁ። ታርጋው የሻጩ ነው፣ ከሞተሩ ጋር አይመጣም፤ ስለዚህ ወደ ቤት እንዴት እንደምትወስዱት ቀድማችሁ አስቡ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ፣ ሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ ሲሸጥ የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ።

9. ንዱት

ገንዘቡን ለጓደኛችሁ ሰጥታችሁ ከሻጩ ጋር ትታችሁት ሂዱ። መጀመሪያ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ፦ የኤቢኤስ መብራቱ ከተንቀሳቀሳችሁ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ሁለቱንም ፍሬን በየተራ ያዙ። ከዚያ መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ስጡት። ማርሹ ዘሎ ከወጣ አመስግናችሁ መልሱት፤ ካምቢዮ ማስከፈት ሞተሩን እንደገና መግዛት ነው። ፋኑ እስኪነሳ ድረስ 20 ደቂቃ ቆዩበት፤ የጉልበት ሙቀቱን የምታውቁት ያኔ ብቻ ነው። ሃይዌይ ላይ ከንፋስ መከላከያው ጫፍ የሚመጣው ንፋስ ሄልሜታችሁን የሚደበድብ ከሆነ ግን ለዚህ ብላችሁ አትተዉት፣ መከላከያው ይቀየራል።

የተለመዱ ስህተቶች

ለጓደኛ ቁመት የተመረጠ ሞተር መግዛት። በክረምት ርካሽ አገኘሁ ብሎ፣ በረዶ ስላለ ሳይነዱት መክፈል። ሻንጣውን በኋላ እገዛለሁ ማለት፤ የኩባንያው ሻንጣ ለብቻው ሲገዛ ውድ ነው፣ ከነሻንጣው የሚሸጠውን ፈልጉ። ማይሉ ትንሽ ስለሆነ ብቻ መምረጥም ስህተት ነው፤ አሥር ዓመት ጋራዥ ቆሞ 4,000 ማይል ከሄደው ይልቅ በየዓመቱ ሰርቪስ እየተደረገ 35,000 የሄደውን እወስዳለሁ። የቆመው ጎሚኒው ይደርቃል፣ ታንከሩ ይዝጋል።

10. ከገዛችሁ በኋላ

የኤንጅን ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ ሻፍት ከሆነ የኋላውንም ዘይት ወዲያው ቀይሩ። ሻጩ «ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ» ቢላችሁም ቀይሩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳቡ የእናንተ ይሆናል። የጎማ ንፋሱን ጠዋት ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለሥራ ብቻ ንዱት፣ ሰው አታፈናጥጡ።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ደርሶ መልስ ከ200 ማይል አይብለጥ። ዕቃውን በሁለቱ የጎን ሻንጣዎች እኩል አከፋፍሉ፣ ከባዱን ከታች። 50 ማይል እንደሄዳችሁ ቁሙና የሻንጣዎቹን መያዣ ብሎን አንድ በአንድ በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ የሚላላ ካለ የሚላላው እዚያው ነው።